ዐባይን ከመሻገር በፊት
ከሸዋ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ስለ ታየች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ርቀት በዛሬው ጊዜ በአንድ ቀን የሚፈጸም ስለ ሆነ ብዙው መንገደኛ እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ለሚጓዝ ክርስቲያን ሁለት ታላላቅ ነገሮች ይጠብቁታል፤ አንደኛው የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ ሊባኖስ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዐባይ ራሱ ነው። አንደኛው ነፍስን ይመረምራል፤ ሁለተኛው መኪናን ይመረምራል። በሚገባ ለሚያስተውል ሰው ግን ሁለቱ ምርመራዎች እጅግ የተራራቁ አይደሉም።

መንገዱ የእንጦጦን ተራራ ካለፈ በኋላ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ጫንጮን፥ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን እያለፈ ሲሄድ ግራና ቀኙ የጤፍና የስንዴ እርሻ፥ የከብት ግጦሽና የባሕር ዛፍ ጥላ ነው። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተርም ሰውም ሳይደክም ይጓዛል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ያወርዳል። ገዳሙ በገደል ሥር ተጠልሎ፥ ከፊቱ ጥልቅ ሸለቆ ተከፍቶለት ይታያል። በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ይውላሉ።

ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በጻድቁ እጅ የተመሠረተ፥ ቀድሞም ደብረ አስቦ ይባል የነበረ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፥ የፋሺስት ጦር መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን፥ ለበዓል የመጡትንም ምእመናን ሰብስቦ እንደ ፈጃቸው ደግሞ ልንረሳው የማይገባን ነገር ነው። ዛሬ ወደዚያ የሚወርድ ተሳላሚ የሰማዕታቱን ደም ሳያስብ አይመለስም።

እንግዲህ በአንድ የሚያዝያ ወር፥ በዘመነ ትንሣኤ፥ ከአዲስ አበባ የተነሡ ተሳላሚዎች በደብረ ሊባኖስ አድረው፥ ሚያዝያ 30 ቀን የሚከበረውን የቅዱስ ማርቆስን በዓል በደብረ ማርቆስ ለማክበር ጉዞ ጀመሩ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። መኪናይቱ መካከለኛ አውቶቡስ ነበረች። ሽማግሌዎች፥ እናቶችና ሕፃናት ስንቃቸውን፥ ፍራሻቸውንና ድስታቸውን ይዘው ስለ ተሳፈሩባት፥ የምትጓዝ ቤት ትመስል ነበር። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከጽኑ ሕመም ሲድን ለቅዱስ ማርቆስ የተሳሉትን የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ በነጠላ ጠቅልለው፥ እንደ ሕፃን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስለቱን ለማድረስ ሦስት ዓመት ጠብቀው ነበር፤ አሳባቸውም በዋዜማው ሰዓት ደርሰው ጃንጥላውን ለቤተ ክርስቲያን ለማስረከብ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከገዳሙ ስንነሣ ረዳቱ መኪናይቱ በቆመችበት መሬት ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥበት አየ። ሾፌሩም የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ተመለከተ፤ የራዲያተሩም ውሃ ትንሽ ጐድሎ አገኘው። ሞልቶበት መንገዱን ቀጠለ። ፍቼ ላይ ቆሞ ሲያይ ዳግመኛ ጐድሏል፤ ግማሽ ሊትር ያህል ጨመረ። ገርበ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እዚያም ውሃው እንደ ገና ጐድሎ ተገኘ።

ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በዐባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ፥ በጎጃም በኩል ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። መውረጃውና መውጫው በአንድነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በብዙ ቦታ ተሰንጥቋል፤ መኪናም በዝግታ ካልሆነ አይሄድበትም።

ሾፌሩ ወጣት ቢሆንም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበር። “ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ናት፤ ቁልቁለት ደግሞ ሞተር አያሞቅም። ውሃ እየጨመርን እንሻገራለን፤ አለዚያ ዋዜማው ያመልጠናል” አለ። ከእኛ ጋር የነበሩት ካህን ግን፥ “ልጄ፥ ቁልቁለቱ አያሞቅም፤ እውነትህን ነው። ዳገቱስ?” ብለው ጠየቁት። ሾፌሩ ዝም አለ። “መምሬ፥ ዳገቱ ያሞቃል” ብሎ መለሰ።

የካህኑ ጥያቄ ከሜካኒክ ጥያቄ የማይተናነስ ነበር። ነገሩን ለአንባቢዎቻችን በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው በጨመረ ቍጥር ግን አየሩ ስለሚሳሳ፥ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በጎሐ ጽዮን ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይዞ ይሠራል። ታዲያ ውሃው ሳይፈላ እንዴት ይቆያል? የራዲያተሩ ክዳን አጥብቆ ዘግቶ እንፋሎቱን ስለሚያምቀው ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፤ በሚገባ የታመቀ ራዲያተር ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ሊታገሥ ይችላል።

እንግዲህ ትንሽ ቀዳዳ ሁለት ጉዳት ታመጣለች። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያየው የውሃው መጕደል ነው። ሁለተኛው ግን የማይታይ ነው፤ ግፊቱ በቀዳዳይቱ ስለሚወጣ፥ ያልጐደለውም ውሃ ያለ ጊዜው ይፈላል። በሜዳና በብርድ አገር ይህ አይታወቅም። ከዐባይ ወለል ተነሥቶ፥ በበረሃው ሐሩር፥ በከባድ ማርሽ፥ ሰውና ጓዝ ጭኖ ሲወጣ ግን ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ይበዛል፤ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ የሚያበርደው ነፋስ ያንሳል። በዚያን ጊዜ ውሃው ይፈላል፤ ካልቆመም ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቁልቁለቱ የሚሸሽገውን ዳገቱ ይገልጠዋል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደ አሮጊቷ እናት ተመለከቱ። ብንቆም ዋዜማው የሚቀርባቸው እርሳቸው ነበሩና። እርሳቸውም ጃንጥላውን አስተካክለው ይዘው፥ “ልጄ፥ ይህን ጥላ ሦስት ዓመት አሳድሬዋለሁ፤ ለሦስት ሰዓት አይከፋውም። ቅዱስ ማርቆስ በሰው ልጆች ሕይወት ላይ አስቸኵሎኝ አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሥራ” አሉት። ሾፌሩም “እሺ፥ እማማ” ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ምንም አለማድረግ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፥ ክዳኑን ሳይነካ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲበርድ ተወው። ይህን መታገሥ ያቃታቸው ብዙዎች ፊታቸውንና እጃቸውን ተቃጥለዋል። የታመቀ የፈላ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ እንደ ምንጭ ይፈነዳልና። ደግሞም በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት የሚሞላ ሰው፥ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚያፈስ ሰው ነው፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ሾፌሩ ቀዳዳይቱን መፈለግ ጀመረ። በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት ቀለም አለው፤ በሚንጠባጠብበት ቦታ ደርቆ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ይተዋል። ስለዚህ እርጥቡን ብቻ ሳይሆን የደረቀውንም ምልክት መከተል ይገባል። ውሃ ወርዶ የሚንጠባጠብበት ቦታ ሁልጊዜ የወጣበት ቦታ አይደለም። ሾፌሩም ከታች ወደ ላይ ምልክቱን እየተከተለ በእጁ ሲዳስስ፥ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው ጎማ፥ ጫፉ ከራዲያተሩ አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፥ በማሰሪያው ቀለበት ሥር ተሰንጥቆ አገኘው። ራዲያተሩ ራሱ ደኅና ነበር።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ከሥር ባልዲ አስቀምጦ ውሃውን ከጎማው በታች እስኪሆን ድረስ አጐደለ። ቀለበቱን በካቻቢቴ አላልቶ ጎማውን እያሽከረከረ አወጣ። የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በስለታም ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ቈረጠ፤ ጎማው እንደ ዕድል ረዘም ያለ ስለ ነበር አላጠረም። በራዲያተሩ አንገት ላይ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በጨርቅ ጠርጎ አጸዳ። ረዳቱ ከከተማው መለዋወጫ መሸጫ አዲስ ማሰሪያ ቀለበት ገዝቶ መጣ። ጎማውን እስከ አንገቱ መጨረሻ ድረስ አስገብቶ፥ ቀለበቱን ከአንገቱ ከንፈር ወዲህ አድርጎ አጠበቀው። በልክ ነው ያጠበቀው፤ እጅግ የጠበቀ ቀለበት ጎማውን ይቈርጠዋልና። የራዲያተሩንም ክዳን ገልብጦ ሲያየው የውስጡ ላስቲክ ደርቆ ጠንክሮ ስለ ነበር አዲስ ክዳን አስገዛ። እኛ የጎማውን ቀዳዳ ብቻ ስናስብ፥ ሁለተኛ ቀዳዳ በክዳኑ ነበረ።

ከዚያም ውሃውን በዝግታ ሞላ። ክዳኑን ሳይዘጋ ሞተሩን አስነሣና በውስጡ የታሰረው አየር እየተንቦቀቦቀ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ሲጐድል እየጨመረ፥ በመጨረሻ ክዳኑን ዘጋው። ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሩን አስነሥቶ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት ጠቀለለበት። ወረቀቱ ደረቅ እንደ ሆነ ተገኘ። በባልዲ የተጠራቀመውን አሮጌ ኩላንት ግን መንገድ ዳር አልደፋውም፤ በጀሪካን ዘግቶ አስቀመጠው። እናቶች ይህን ልብ ይበሉ፤ ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ሕፃናትና እንስሳት ይጠጡታል፤ ነገር ግን ኵላሊትን የሚጎዳ ብርቱ መርዝ ነው። የመጠጥ ውሃ በነበረ ጠርሙስ ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሸለቆው መውረድ ጀመርን። ዐባይ ምድሪቱን ከፍቶ የሚያሳይበት ይህ ቦታ ለተመልካች እጅግ ድንቅ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ በደረጃ በደረጃ ይገለጣል፤ ከዚያ በታች የጄሶ ድንጋይ፥ ከሁሉ በታችም ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። እያንዳንዱ ንብርብር አንዱ በሌላው ላይ የተጻፈ የረጅም ዘመን መዝገብ ነው። ብርዱ ቀርቶ ፍልቅልቅ ከምትባለው መንደር በታች ሐሩሩ ፊትን ይገርፋል፤ ባሕር ዛፉም በግራርና በበረሃ ቍጥቋጦ ይተካል።

ከሸለቆው ወለል ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው የቀድሞው ነው፤ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። ከሥራቸው ግዮን እያልን በቤተ ክርስቲያን የምንጠራው ወንዝ ይፈስሳል። አረጋውያኑ ወደ ውሃው ተመልክተው አማተቡ። ሕፃናቱ ከወንዙ ውሃ ለመኪናይቱ እንዲቀዳላት ጠየቁ። ሾፌሩ ግን የወንዝ ውሃ ጭቃ እንደሚይዝ፥ በኖራና በጄሶ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የምንጭ ውሃም በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ድንጋይ እንደሚጋግር ነገራቸው። በማንቈርቈሪያና በጀበና ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ዓይነት ነው። በችግር ጊዜ የተገኘው ውሃ ሁሉ ይጨመራል፤ ከጉዞ በኋላ ግን ታጥቦ በንጹሕ ውሃና በኩላንት መተካት አለበት።

በጎጃም በኩል ዳገቱን ስንወጣ የሾፌሩ ዓይን ከመንገዱ ወደ ሙቀት መለኪያው፥ ከመለኪያው ወደ መንገዱ ይመላለስ ነበር። ቀስቷ ከመካከል ጥቂት ከፍ አለችና እዚያው ቆመች። ኩራር አጠገብ አንድ ሚኒባስ ክዳኑ ተከፍቶ፥ እንፋሎት እየወጣው ቆሞ አገኘን። አንድ ወጣት በጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል የእኛ ሾፌር ጮኾ ከለከለው። ወርዶም ሞተሩ እስኪበርድ አብሮት ቆየ፤ በጀሪካን ከያዝነው ውሃ ግማሹን ሰጠው። ለራሳችን መኪና የተዘጋጀው ውሃ ለእኛ አላስፈለገም፤ ለወንድማችን ግን አስፈለገ። አስቦ የሚጓዝ ሰው ለሌላው የሚተርፍ ነገር አያጣም።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዋዜማው አልፎ ነበር። ማኅሌቱ ግን ገና አልተጀመረም። አሮጊቷ እናት በቅጽሩ ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ጃንጥላውን በማግሥቱ በታቦቱ ፊት እንዲዘረጋ ለአገልጋዮቹ አስረከቡ። በበዓሉም ቀን ከብዙ ጃንጥላዎች መካከል የእርሳቸው ሲዘረጋ አየነው።

ለመንገድ የሚነሣ ቤተ ሰብ ሁሉ ከዚህ ጥቂት ነገር ሊማር ይችላል። መኪናው ባደረበት ቦታ ጠዋት መሬቱን ማየት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ የውሃውን ልክ መመልከት፤ ጎማዎቹን በእጅ ጨምቆ መሰንጠቅና ማበጥ እንዳለባቸው ማወቅ ይገባል። ለመንገድም 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ሁለት ትርፍ ማሰሪያ ቀለበትና ውሃ የማያስገባ የላስቲክ መጠቅለያ መያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቀዳዳው በራዲያተሩ ቧንቧ ላይ ቢሆን አንዳንዶች እንቍላል ወይም ቅመም ይጨምራሉ፤ ይህ ለጥቂት መንገድ ቢደፍንም ቀጫጭኑን ቧንቧ ሁሉ አብሮ ሊደፍን ስለሚችል፥ ወደ ባለሙያ ወስዶ ማስበየድ ወይም ማስለወጥ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ መንገድ ሁልጊዜ ሰላም ያልነበረ ስለ ሆነ፥ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በቤታችንም ውስጥ እንዲህ ነው። በባልና በሚስት መካከል የቀረች ትንሽ ቅሬታ፥ ከልጅ የተሰወረች ትንሽ ውሸት፥ ለንስሐ አባት ሳትነገር የምታድር ትንሽ ኃጢአት በሜዳው ላይ አትታወቅም። ሕይወት ቀዝቃዛና ደልዳላ በሆነ ጊዜ ትንሽ ይሞሉባታል፥ ያልፋሉ። ነገር ግን ለሁሉም ቤት የሐሩርና የዳገት ቀን ይመጣል፤ ሕመም፥ ማጣት፥ ሐዘን ይመጣል። በዚያን ቀን ግፊቱን የሚችለው ቀዳዳውን አስቀድሞ የደፈነ ቤት ነው። የንስሐ አባታችንም እንደ ጎሐ ጽዮን በአፋፉ ላይ ሆነው “ዳገቱስ?” ብለው ሲጠይቁን፥ ጥያቄው የፍቅር እንጂ የማዘግየት አይደለም።

እግዚአብሔር አምላክ መንገደኞችን ሁሉ በሰላም ያግባ፤ ለቅዱስ ማርቆስና ለጻድቁ አባታችን የገባውን ቃል ኪዳን አስቦ አገራችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።